የኬሚስቷ ቃል

ራቤል፣ ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጃችን ለእስከዳር ተገኘ
ካምፓላ፣ ኡጋንዳ

እመብርሃን በምትሄጂበት ትቅደምልሽ፣ በተቀመጥሽበት ትክበብሽ። እንደምን ሰነበትሽ እስኩ? እኛ ከዝናቡና ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልሆንንም። እናትሽ ጌታነሽ ደህና ናት፤ አባትሽ ተገኘ ደህና ነው፤ በጎቹም ደህና ናቸው። የበጎቹን ጤና የምመሰክርልሽ እኔ ሐኪማቸው ስለሆንኩ ጥርጥር አይግባሽ።

ስልኩ እንደሆነ ሞቶ ተቀብሯል። ኔትወርክ መጣ ብለው ሰው ሁሉ ዳገት ላይ ወጥቶ እጁን ሲያነሣ ላየው ምህላ የያዘ ይመስላል። እኔ ደክሞኝ ትቼዋለሁ። ይህን ደብዳቤ ለአውቶቡሱ ሹፌር እሰጠዋለሁ፤ ደብረ ብርሃን ፎቶ ቤት ያለው ይሥሐቅ በስልኩ አንሥቶ እዚያ ካምፓላ ላለችው ለወይዘሮ ሙሚና ይልክላታል። አንቺ የምትጽፊውንም እሱ አትሞ በዚያው አውቶቡስ ይመልስልኛል። ለወይዘሮ ሙሚና ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። የዓለም ከተማ ተወላጅ ባገር ልጅ የሚጨክን አለመሆኑን ድሮም አውቃለሁ፤ እሷ ባትኖር ማን ዘመድ ይሆንሽ ነበር?

አሁን ስለ አባትሽ ላጫውትሽ። ገበያ ወጥቶ ሰው ባገኘ ቁጥር ወሬው አንቺ ነሽ። የነፃ ትምህርት ዕድሉን ያገኘሽ ለት የጀመረው አልበርድለት አለ። «ልጄ ኬሚስትሪ ከፍተኛውን ደረጃ ነው የምትማረው» ይላል። ከፍተኛው ደረጃ ምንድን ነው ሲሉት «ከዚያ በላይ የለም» ይላል። ባለፈው እሑድ መምሬ አትናቴዎስ «ታዲያ ወርቅ ትሠራለች?» ቢሉት «ከፈለገች» ብሎ ጥምጥማቸውን አየት አድርጎ መንገዱን ቀጠለ። እኔ የእናትሽ የአክስት ልጅ ሆኜ እንኳ አንዳንዴ «ኧረ ተው ይበቃል» እለዋለሁ። ማን ሰምቶኝ!

ደግሞ ለቁም ነገር እንፈልግሻለን። ዘንድሮ በልጉ ስለቀረ አባትሽ ሙክቶቹን ነድቶ ቆላ ወረደና በማሽላ ለወጠ። ማሽላው ነቀዙን አዝሎ ደጋ ወጣ። አሁን ቤት ውስጥ ያለው ጎታ ላይ ጆሮሽን ብታስጠጊ ሲንኮሻኮሽ ትሰሚያለሽ። ገበያ ላይ የነቀዝ ክኒን የሚሸጥ ሰው አለ፤ ጎረቤቱ ሁሉ እየገዛ ነው፤ አባትሽም ገዝቶ ከነቆርቆሮው ማገሩ ላይ ሰክቶታል። ግን አልከተተውም። የግብርናው ባለሙያ ቀበሌ ይመጣልና እሱን ጠይቅ ስለው «የራሴ ኬሚስት እያለችኝ የሰው ደጅ አልጠናም» አለኝ። እኔንማ ምን ብሎ ይጠይቀኝ? እኔ የማውቀው በግ ነው፤ በግ ደግሞ አይነቅዝም። ቆርቆሮው ላይ ያለው እንግሊዝኛ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይላል። ጎታው ውስጥ ይከተት ወይስ አይከተት? አባትሽ የሚጠብቀው ያንቺን ቃል ነውና ቶሎ ጻፊልን።

እናትሽ ነጩን ጋውን ለብሰሽ የተነሣሽው ፎቶ ይላክልኝ ትላለች። ከዚህ በታች ያለውን ቦታ እህትሽ የምሥራች ነጥቃኛለች።

አጎትሽ ምንይሉ

አንቺ ሸንበቆ! ጋሼ ወረቀት ቆጥቦ ቆጥቦ ለእኔ ሲሆን ይቺን ታህል ተወልኝ። የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ተፈትኛለሁ፤ ካንቺ በላይ ካላመጣሁ ጸጉሬን እላጫለሁ። ሰማያዊ ሹራብሽን ለብሼዋለሁ፤ ክርኑ ተቀዷል፤ ካምፓላ ሆነሽ ምን ታመጪያለሽ? ያንን አንድ ጠብታ ሲነካው ሮዝ የሚሆነውን ውኃ በጠርሙስ ላኪልኝ። ክፍል ውስጥ አውጥቼ ጠንቋይ ነኝ እላቸዋለሁ። አልሰጥም ካልሽ ሁለተኛውን ሹራብም እለብሰዋለሁ። የምሥራች።


ካምፓላ፣ ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ምንይሉ
ራቤል

ጋሼ፣ ሰላምታዬን ከታች አደርሳለሁ፤ መጀመሪያ ይህን ይስሙኝ። ክኒኑን ቤት ውስጥ እንዳታስገቡት። ጎታው ውስጥ እንዳይከተት። ሰው በሚያድርበት ቤት፣ ከብት በሚያድርበት ቤት፣ ጭራሽ! ደብዳቤዎ በእጄ የገባው ዛሬ ነው። እዚህ አዳሪ ትምህርት ቤት ስልክ ክልክል ነው፤ በሞዴል ፈተናው ምክንያት ደግሞ ወላጅ መጠየቂያው እሑድ ሁለት ጊዜ ቀረብን። እትዬ ሙሚና ዛሬ ገና መጥተው ስልካቸውን ሲያሳዩኝ አጥር ሥር ቁጭ ብዬ አነበብኩት፤ እዚያው ቁጭ ብዬም እየጻፍኩ ነው።

ክኒኑ ራሱ አይደለም የሚገድለው። የአየሩ እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ ነው ነቀዙን የሚገድለው፤ እሱ ደግሞ ነቀዝና ሰው አይለይም። ከአየር ይከብዳል፤ መሬት መሬቱን ይሄዳል፤ መደብ ላይ የተኛ ሰው ላይ ይደርሳል። በዚህ ክረምት፣ እኛ ቤት በር ተዘግቶ፣ እግዚአብሔር ያውጣን! አባቴ ማሽላውን ወደ ደጅ ያውጣው፤ ክኒኑን ደግሞ ለግብርናው ባለሙያ ይስጥ፤ ምን እንደሚደረግም እሱን ይጠይቅ። «የራሴ ኬሚስት» ማለቱን ለጊዜው ይተወው። የእኔ ኬሚስትሪ ገና የወረቀት ነው፤ የዚያ ሰውዬ ሥራው ነው።

አሁን ሰላምታዬን። ጋሼ እንዴት ነዎት? እናቴ እግሯን ተሻላት? አባቴ ከመምሬ ጋር ተጣላ ወይስ ታረቁ? ወርቅ እንኳ አልሠራም፤ የሠራሁበትን ዕቃ ሁሉ የማጥበው ራሴ ነኝ። ራቤል ስንማር መምህራችን ቡሬቱን፣ ጠብታ የሚለካበትን ቀጭን የመስታወት ቱቦ፣ በጠመኔ ሥሎ፣ ጠብታዋን በጣቱ ነጥብ ነጥብ እያደረገ ነበር ያስተማረን፤ እኛም «ሮዝ ሆነ» ሲለን ሮዝ ሆነ ብለን እንጽፍ ነበር። እዚህ የመጀመሪያ ቀን እውነተኛውን ቡሬት በእጄ ያዝኩ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ከዚያ በአንዷ ጠብታ ሮዝ! ጮህኩ። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እነሱ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል፤ ምን ያስጮኻታል ብለው ነው። የመጨረሻው ፈተና ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው። ውጤቱ ካማረ ዩኒቨርሲቲም በነፃ ነው፤ ካላማረ ቦርሳዬን ይዤ መመለስ ነው።

ለዚያች ሹራብ ቀዳጅ፦ ሁለተኛውን ሹራብ ብትነኪ መጥቼ አንገትሽን ነው የምይዘው። ሮዙን ውኃ በጠርሙስ መላክ አይቻልም፤ ስመጣ ዱቄቱን ይዤ እመጣለሁ። ፈተናሽ ስንት መጣ?

ጋሼ፣ የማሽላውን ነገር አደራ።

እስከዳር


ራቤል፣ ጳጉሜን 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእስከዳር ተገኘ

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ እግዚአብሔር ይጠብቅሽ። ደብዳቤሽ ደርሶናል። መንገዱ በዝናብ ተዘግቶ ስለነበር ዘግይቶ ነው የደረሰው። ማሽላው ከቤት ወጥቷል። ጎታውንም አባትሽ አፍርሶታል። ክኒኑን የግብርናው ባለሙያ ወስዶታል። ደብዳቤሽን መምሬ አትናቴዎስ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ አንብበውታል፤ ሰው ሁሉ ጎታውን ፈትሿል።

እናትሽና አባትሽ ሰላም ይሉሻል። ፎቶው ይቆይ፤ እናትሽ አሁን አትላክ ብላለች። ምንም ነገር አንፈልግም፤ ለማንም ምንም አትላኪ። የምሥራች ጸበል ሄዳለች፤ ለዚህ ነው ያልጻፈችው። ትምህርትሽን ተማሪ። ከዚያ ሌላ አታስቢ።

መጪው ዘመን የተሻለ ይሁንልን።

ምንይሉ


ካምፓላ፣ መስከረም 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ምንይሉ
ራቤል

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገራችሁ! ጋሼ፣ አበባውን፣ ችቦውን፣ የናንተን ደመራ እያሰብኩ ዓይኔ እንባ ይሞላል፤ እዚህ ያለ መስቀል መስቀል አይደለም። እትዬ ሙሚና እስላም ሆነው እንኳ «ለበዓልሽ» ብለው ዶሮ ይዘውልኝ መጡ።

ጳጉሜን የጻፉትን ሳነብ ምን እንደሆንኩ ልንገርዎት? እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ያን ሰሞን ሁሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር። ለኬሚስትሪ መምህራችን ነገርኳት፤ እሷም ሰኞ ጠዋት በሰልፍ ሰዓት መድረክ ላይ አወጣችኝ። ጋሼ፣ ሺህ ተማሪ ፊት! ስለ መንዝና ስለ ጊሼ ብርድ፣ ጎታ ከሰው ጋር አንድ ቤት ስለማደሩ፣ አባቴ የግብርናውን ሰው ትቶ የእኔን ቃል ስለመጠበቁ፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ቀመሩን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። «ደብዳቤዬ ደረሰ፤ ማሽላው ወጣ፤ ቤተሰቤም ተረፈ» ስል አጨበጨቡ። መምህሯ «ኬሚስትሪ የምትማሩት ለፈተና የሚመስላችሁ፣ ይህችን ልጅ እዩ» አለች። አባቴ እዚያ ቆሞ ቢሰማ መምሬን ከዚያ ወዲያ ሰላም አይላቸውም ነበር።

አሁን ደግሞ ልቆጣ ነው። የምን ጸበል ነው? ሆዷን ነው? ራሷን ነው? ማን ወሰዳት? ብትታመም እንኳ እኔን መሳደብ የምታቆም ልጅ አይደለችም፤ በሽታዋንም ታሳብብብኝ ነበር። ውጤቷስ? ካንቺ በላይ ካላመጣሁ እላጫለሁ ብላ ነበር፤ ተላጭታ አፍራ ይሆን የተደበቀችው? ንገሯት፤ ብትወድቅም አልስቅባትም። ትንሽ ብቻ እስቃለሁ።

እናቴ ፎቶዬን ለምን አትፈልግም?

እስከዳር


ራቤል፣ ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእስከዳር ተገኘ

የጌታ ሰላም ካንቺ ጋር ይሁን። ደብዳቤሽን ለአባትሽና ለእናትሽ አላነበብኩላቸውም፤ ሰላምታሽን ግን አድርሻለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነው የዘገየሁት።

የምሥራች ውጤት ዘጠና ሁለት ነው። ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ወጥታለች። ከታች ጽፋልሻለች።

እስኩ፣ ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። እስከ ፈተናሽ ድረስ አትጻፊልን። እኛም አንጽፍም። ልብ ለሁለት ሲከፈል ሁለቱንም አይሆንም። ፈተናሽን ጨርሺ፤ ከዚያ የጠየቅሽውን ሁሉ እመልስልሻለሁ።

ምንይሉ

ለውድ እህቴ ለእስከዳር፤ እንደምን ከርመሻል? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ጸበሉ ተስማምቶኛል። ሹራብሽን ስለቀደድኩብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። በርትተሽ ተማሪ፤ ስለ እኔ አታስቢ። እህትሽ የምሥራች።


ካምፓላ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሽ ምንይሉ፣

ያለ ሰላምታ ስለጀመርኩ ይቆጡኝ። ይህን የጻፈችው የምሥራች አይደለችም።

እጅዎ የሷን ለመምሰል ደክሟል፤ ፊደሉን አጣመው አጣመው ጽፈውታል። ግን የምሥራች ከተወለደች ጀምሮ ይቅርታ ብላኝ አታውቅም። እግሬን በፈላ ውኃ ያቃጠለችኝ ጊዜ እንኳ «መንገድ ላይ ምን ትገተሪያለሽ?» ነው ያለችኝ። ዘጠና ሁለት አምጥታ፣ እኔን በልጣ፣ ስለሱ አንድ ቃል ሳትጽፍ? ጋሼ፣ ዘጠና ሁለት ብታመጣ እኮ ወረቀቱ አይበቃትም ነበር! «ስለ እኔ አታስቢ» ትላለች ደግሞ። እሷ ናት እንዲህ የምትል? ሁሉም ሰው ስለሷ ካላሰበ የምታኮርፍ ልጅ?

አለች ወይስ የለችም? ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም።

የመጀመሪያው የፈተና ወረቀት በዚህ ሳምንት ነው። ለምን እንደሚደብቁኝ ይገባኛል፤ ሕፃን አይደለሁም። ተነሥተሽ ነይ ካሉኝ ነገ እነሣለሁ፤ ፈተናውም ዩኒቨርሲቲውም ገደል ይግባ። ተቀመጪ ካሉኝ እቀመጣለሁ። ዝም ግን አይበሉኝ። ዝም ካሉኝ ምን ማለት እንደሆነ አገሬ ስለሆነ አውቀዋለሁ።

እስከዳር


ራቤል፣ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለእስከዳር

ይህን የምታነቢው ወይዘሮ ሙሚና እጅሽን ይዛ ከነገረችሽ በኋላ ነው። እንደዚያ እንድታደርግ አደራ ብያታለሁ፤ የመጨረሻውን ወረቀት ሳትጨርሺ እንዳትነግርሽም አስምያታለሁ። መርዶ በወረቀት አይነገርም። ማልዶ፣ ከሰው ጋር፣ የሚደግፍሽ ክንድ ባለበት ነው የሚነገር። አገርሽ ብትሆኚ እኛው ደጅሽ እንቆም ነበር።

ዝም አልኩሽ። አለች ብዬ ልጻፍ ብል ያንን አስቀያሚ ደብዳቤ አንዴ ጽፌ እጄን ጠልቼዋለሁ። የለችም ልበል ብል ደግሞ እናትሽ ፊቴ ቆመች። ለሽማግሌዎቹ «አንዷን ቀብሬያለሁ፤ የሌላዋን ተስፋ አብራችሁ አታስቀብሩኝ» ያለችው እሷ ናት። ጥፋት ከሆነ የሁላችንም ነው፤ ቁጣሽን ግን በእኔ ላይ አድርጊው፤ እሷ አትችለውም።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፤ ከሌላ ከምትሰሚ። አባትሽ ከሰኔ ጀምሮ ቃልሽን ሲጠብቅ ነበር። አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ከሰፈሩ እስከ ራቤል ወጥቶ «አልመጣም?» ይለኛል። «የግብርናውን ሰው ጠይቅ» ስለው «ልጄ ትጽፋለች» ይላል። ጎረቤት ሁሉ ክኒኑን ከቶ ተገላገለ፤ እነሱ እግዜር ጠብቋቸው ደህና አደሩ። የእናንተ ማሽላ ግን ዱቄት ሆኖ ከጎታው ሥር መፍሰስ ጀመረ። በፍልሰታ፣ ነሐሴ ስምንት፣ አባትሽ ተስፋ ቆረጠና ከተተው።

በዚያው ቀን ከወንዙ ማዶ ከቀየት የለቅሶ መልእክት መጣ። እናትሽና አባትሽ ሄዱ፤ ማታ እንመለሳለን ብለው ነው። ዝናቡ ወንዙን ሞላውና እዚያው አደሩ። የምሥራች ብርዱን ፈርታ ጠቦቶቹን ወደ ቤት አስገባች፤ የበሩን ሥር በወፍራሙ የሱፍ ባና ወተፈችው። ሁላችንም በዚህ ብርድ የምናደርገውን ነው ያደረገችው።

ጠዋት ሰው መጣብኝ። «ጋሽ ምንይሉ፣ የተገኘ ጠቦቶች አለቁ፤ ቦርሳህን ይዘህ ቶሎ ድረስ» አሉኝ። እኔ ሞኙ መርፌዬን ቆጥሬ፣ በመንገድ ሁሉ ፈንጣጣ ይሆን፣ ሆዳቸው ተነፍቶ ይሆን እያልኩ ሮጥኩ። እኔን ለማምጣት እንደዚያ እንዳሉኝ የገባኝ ሴቶቹን ደጁ ላይ ቆመው ሳያቸው ነው።

አንቺ ጠያቂ ነሽና አልደብቅሽም። ጠቦቶቹ በሩ ሥር ተደራርበው ነበር። እሷም እዚያው ነበረች። እጇ ባናው ላይ ነበር። አባትሽ ሳይደርስ አነሣናት፣ አጠብናት፣ መደቡ ላይ አስተኛናት። «እንደተኛች አገኘናት» አልነው። አባትሽና እናትሽ የሚያውቁት ይህን ብቻ ነው።

ቀን መቁጠርሽ አይቀርምና ይህንንም ከእኔ ስሚ። አንቺ አጥር ሥር ተቀምጠሽ በጻፍሽበት ቀን እኛ ሰልስቷን እያወጣን ነበር። ደብዳቤሽ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። አውቶቡሱ ባይዘገይ፣ ስልክሽን ባይከለክሉሽ፣ እኔ ሰነፉ በሰኔ ሁለተኛ ደብዳቤ ብጽፍ፣ አባትሽ ኩራቱን ትቶ ቀበሌ ቢሄድ፣ ስንቱን እንበል? የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። አሁን ተረት አይደለም።

አባትሽ ጎታውን በዶማ አፍርሶ አፈሩን ገደል ደፋው። ገበያ አይወጣም። ሰው «ልጅህ ደህና ናት?» ሲለው ስላንቺ እንደሆነ እንኳ አይገባውም። ትናንት ግን ሰው ልኮ አስጠራኝ። «ኬሚስቷን ጠይቅልኝ» አለኝ። ምኑን ስለው «ተሰቃይታ ነው ወይ? ጠርታኝ ነበር ወይ? መጽሐፉ ምን ይላል? ከእሷ ቃል በቀር የማንንም አልሰማም» አለ።

የጻፍሽውን እንዳለ አነብለታለሁ።

እግዚአብሔር ያጽናሽ። እኛ የለንም ብለሽ ብቻሽን አታልቅሺ፤ ወይዘሮ ሙሚናን ያዢያት።

አጎትሽ ምንይሉ


ካምፓላ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ምንይሉ
ራቤል

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። እትዬ ሙሚና እንዳዘዟቸው አደረጉ። የመጨረሻውን ወረቀት በጨረስኩ ማግስት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ የአገራችንን ሴቶች ሰብስበው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። በሩን ከፍቼ አየኋቸው። «ወይኔ የምሥራች!» ብዬ ስጮህ ነው እነሱ ያለቀሱት። እትዬ ሙሚና ከእኔ ጋር መሬት ላይ ተኝተው አደሩ። በራሳቸው ሃይማኖት ለእህቴ ጸለዩላት።

ተቆጥቻለሁ። ልዋሽዎት አልችልም፤ በጣም ተቆጥቻለሁ። ሺህ ሰው ፊት ቤተሰቤ ተረፈ አሰኝታችሁ አስጨበጨባችሁብኝ። እሷ አፈር ውስጥ ሆና እኔ ሰሌዳ ላይ ቀመር ጻፍኩ። ያን ጭብጨባ ከጆሮዬ ማን ያወጣልኛል?

ፈተናውን ተፈተንኩ። ዝም ሲሉኝ አውቄው ነበር፤ ግን በአፌ አልለውም ብዬ ገባሁ። በሁለተኛው ወረቀት ስለ ፎስፈረስ ውሁዶች የሚጠይቅ ነበር። ጋሼ፣ ሙሉውን ሠራሁት። አንድም ነጥብ የሚቀንሱልኝ አይመስለኝም።

የአባቴን ጥያቄ አነበብኩ። ጋዙ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ መጽሐፉን ከፍቼ አየሁ፤ መምህሬን ሄጄ ጠየቅኳት፤ ነገረችኝ። የነገረችኝን ለእርስዎም አልጽፍም። እርስዎ ጠቦቶቹን አይተዋል፤ እሷንም ያነሷት እርስዎ ነዎት፤ የሚያውቁትን ያውቃሉ። ካሁን በኋላ ሁለታችን ነን የምናውቀው።

በሐሰት ደብዳቤዎ ሰድቤዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ። ከዚህ ጋር ያለውን ወረቀት ለአባቴ ያንብቡለት። ቀስ ብለው ያንብቡት፤ ድምፅዎ እንዳይንቀጠቀጥ። እናቴም ትስማው።

እስከዳር


ለምወድዎት አባቴ ለአቶ ተገኘ

ጉልበትዎን ስሜ እግዚአብሔር ያጽናዎት እላለሁ። አጠገብዎ ሆኜ አብሬዎት ባለማልቀሴ ልቤ ተሰብሯል።

ቃሏን ሳልጠብቅ ቀረሁ ብለው ራስዎን እንደሚወቅሱ አውቃለሁ። አባዬ፣ እርስዎ ጠብቀዋል። ሰኔን ጠበቁ፣ ሐምሌን ጠበቁ። የዘገየው የእኔ ቃል ነው። ዛሬም ዘግይቷል፤ ግን ይኸው መጥቷል።

እርስዎ የጠየቁትን ጋሽ ምንይሉ ነግረውኛል። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ሁለት ዓመት የተማርኩት ይህንኑ ነው። መጽሐፉንም አይቻለሁ፤ መምህሬንም ጠይቄያለሁ። ያ ጋዝ የተኛን ሰው አይቀሰቅስም። ሽታውም አይሰማም፤ ትንፋሽም አያሳጥርም። እንቅልፏ እየከበደ እየከበደ ሄዷል፤ ሌላ ምንም የለም። የምሥራች መደቡ ላይ እንደተኛች፣ ብርድ ሳይነካት፣ አልታወቃትም። አልፈራችም። አልተሰቃየችም። አልጠራችዎትም አባዬ፤ የምትጠራበት ነገር አልነበረምና።

እናቴም ትመነኝ። ሰው ሌላ ነገር ቢነግራችሁ አትስሙ። ይህን የምላችሁ ልጃችሁ ስለሆንኩ፣ ላጽናናችሁ ብዬ አይደለም። ኬሚስት ሆኜ ነው።

ልጅዎ እስከዳር ተገኘ